«ፋሚሊያ ነን» ያልኩበት ቀን

በእኛ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ሰው የሚዛመደው በመወለድና በመጋባት ብቻ አይደለም። ፕሮቦክስ ውስጥ በመግባትም ይዛመዳል። ፕሮቦክስ የምንላት ያቺን ጀርባዋ ረዘም ያለ፣ ለአምስት ሰው ተሠርታ ስምንት የምትጭን የቤት መኪና ነው። ሾፌሮቹ በስልክ ቡድናቸው ላይ «ወደ ዋልዳ፣ ሁለት ሰው ቀረኝ» ብለው ይጽፋሉ፣ የፈለገ «ያዝልኝ» ይላል፣ ከዚያ ከየሰፈሩ ተለቃቅመን እንሳፈራለን። መኪናዋ ሕዝብ የማመላለስ ፈቃድ የላትም። መስታወቷ ላይ የተለጠፈው የኢንሹራንስ ወረቀትም የቤት መኪና ወረቀት ነው። ስለዚህ የፖሊስ ኬላ ስንቃረብ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ፣ አንገቱን ወደኋላ መለስ ያደርግና ዝምድና ያድለናል። «አንቺ አክስቴ ነሽ፣ አንቺ የሚስቴ እህት፣ ማማ ደግሞ እናቴ።» ፖሊሱ በመስኮት ጎንበስ ብሎ «ሀዋ ኒ አኪና ናኒ?»፣ እነዚህ እነማን ናቸው፣ ሲል ሁላችንም በአንድ አፍ «ፋሚሊያ!» እንላለን።

ይህን ጨዋታ ከማንም በላይ የምትወደው ታላቅ እህቴ ነበረች። እትዬ እላታለሁ። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የራሷን ልጅ ግን አልወለደችም። እኔ ከተማ ውስጥ ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስና ሻሽ የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እሷ ደግሞ ከሱቁ ዕቃ ትወስድና ዋልዳና ኡራን የሚባሉት መንደሮች ድረስ እያዞረች፣ ቤት ለቤት፣ ከጉድጓድ ውሃ እስከ ገበያ በእግሯ እየሄደች ትሸጣለች። ሱቅ ተቀመጪ ብላት፣ «እኔ ልሙት፣ አንድ ቦታ ከተቀመጥኩ የምሞት ይመስለኛል» ትለኛለች። መኪና ውስጥ ገብታ ገና ሳትደላደል ሾፌሩን «ዛሬ ደግሞ የማን እናት ነኝ?» ብላ ትጠይቃለች። አንድ ቀን ከእሷ በዕድሜ የሚበልጥ ሾፌር እናቱ አድርጓት፣ ኬላውን እስክናልፍ ሳቋን በሻሿ አፍና ስትንፈቀፈቅ ትዝ ይለኛል። ስዋሂሊ አታውቅም። «ፋሚሊያ» የምትለዋን ብቻ ታውቃለች።

አደጋ የደረሰብን ከዋልዳ ገበያ ስንመለስ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ፀሐዩ አስፋልቱን ሲያቀልጠው። ያን ቀን አዲስ ዕቃ ስለነበረን እኔም አብሬያት ሄጄ ነበር። ከእኔና ከእትዬ ሌላ ከሄሉ መንደር የመጡ ሦስት ሴቶች ተሳፍረዋል። ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከገበያ የለቀመ ጨዋ ሰው ነው። ጨዋ መሆኑን የምለው ስለሆነ ነው፤ በእሱ ላይ ያለኝ ንዴት እሱን ክፉ አያደርገውም። ያን ሰዓት ግን አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንድ እጁ ስልኩ ላይ ነበር። ለነገው ጉዞ ሰው እየመዘገበ ነበር። ግመሎች አስፋልቱን ሲሻገሩ እኔ አየሁ፣ ጮህኩ። እሱ ቀና ሲል ጊዜው አልፏል። መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ በጎኗ ተኛች።

እኔ ግንባሬ ተጫረ፣ ከዚያ ሌላ የደረሰብኝ ነገር የለም። ሦስቱ ሴቶችም ተላላጡ እንጂ ተነሥተው ቆሙ። እትዬ ግን የቀኝ እግሯ በወንበሩና በበሩ መሃል ተቀርቅሮ ቀረ። ስናወጣት አልጮኸችም። ጭኗ ግን መሃሉ ላይ፣ መጋጠሚያ በሌለበት ቦታ፣ ታጥፏል። ሾፌሩ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ከሩቅ የፖሊስ መኪና ሲመጣ አየና ቀሚሴን ያዘኝ። «እህቴ፣ ታፋዳሊ፣ እባክሽ፣ ፋሚሊያ በይ። መኪናው የእኔ አይደለም። ናውሊ ተቀበለ ካላችሁ እኔ እስር ቤት ነኝ» አለኝ። ናውሊ የሚለው ለመሳፈሪያ የከፈልነውን ነው። ሦስቱ ሴቶች ከእኔ ቀድመው «ፋሚሊያ ነን» አሉ። እኔም አልኩ።

እዚህ ላይ ብቻ ቢያበቃ አንድ ነገር ነበር። በድንጋጤ ይመካኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ፖሊሱ ደብተሩን ይዞ ሆስፒታል መጣ። እትዬ እግሯ ታስሮ ተጋድማለች። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሟል፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ፖሊሱ ትሑት ሰው ነበር፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ማማን ጠይቂልኝ» አለኝ በስዋሂሊ። «ዘመዱ ሆና ነው የተሳፈረችው ወይስ ናውሊ ከፍላ?»

እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የሚያገላብጠኝ ይህ ነው፤ ጥያቄውን ወደ እትዬ አላዞርኩትም። ፊቴን እንኳ ወደ እሷ አላዞርኩም። ምራቄን ሳልውጥ፣ «ዘመዱ ናት፤ የእናቱ እህት። ናውሊ የለም» አልኩት። ለሰውዬው አዝኜ ነው ብል ግማሹ ውሸት ይሆናል። ልማድ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ፖሊስ ጎንበስ ሲል አፌ በራሱ የሚለውን ነው ያለው። ፖሊሱ ጻፈ። እትዬ «ምን አለ?» አለችኝ። «ዘመድ ናችሁ ወይ ነው የሚለው» አልኳት። ፈገግ ብላ፣ «የማን እናት ነኝ ዛሬ?» አለች። ከዚያ አውራ ጣቷን በቀለም ነክረን ወረቀቱ ላይ አሳተምናት። እጇን ይዤ ያሳተምኩት እኔ ነኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሾፌሩ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ቤት መጣ። ስኳርና የምግብ ዘይት፣ አንዲት ፍየልም ይዘዋል። እንደ ወጉ ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ከዚያ አንደኛው «ልጅሽ አጥፍቷል፣ አፉ በይው» አሏት። ሾፌሩ እግሯ ሥር ወድቆ «እማ» አላት። ኬላ የለ፣ ፖሊስ የለ፣ «እማ» ብሎ ጠራት። እትዬ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አፉ ብዬሃለሁ፤ ዱንያም አኺራም» አለችው፣ በዚህም ዓለም በወዲያኛውም። በቤተሰብ መሃል የደረሰ ነገር በቤተሰብ አለቀ የሚል ወረቀት ተጻፈ። እንደገና አውራ ጣት፣ እንደገና ቀለም። እኔም እፎይ ብዬ የበሰለ ሩዝ አቀረብኩ።

አጥንቱ ግን አፉ አላለም። ሲድን ተጣሞ ዳነ። እግሯ ከጉልበቷ አልታጠፍ አለ፣ ከግራው እግሯም አጠረ። እኔ ሱቅ ስውል እሷ በር ላይ ወንበር ላይ ትውላለች። ያቺ አንድ ቦታ ከተቀመጥኩ እሞታለሁ የምትል ሴት! ከኡራን ደንበኞቿ እየደወሉ መቼ ነው የምትመጪው ይሏታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትላለች። ሐኪሙ እንደገና ተሰብሮ በብረት መታሰር አለበት፣ ይህ ደግሞ በትልቅ ሆስፒታል ነው የሚሠራው፣ ካልሆነ እንደዚሁ ትኖራለች አለን። ወጪውንም ነገረን። ሱቄን ከነመደርደሪያው ብሸጥ አይደርስም።

ያኔ ነው አንዲት ደንበኛዬ፣ «በመኪና የተጎዳ ሰው እኮ ካሳ አለው። የምታማክር ጠበቃ ከማርሳቢት ከተማ መጥታለች፣ ለምን አትጠይቂም?» ያለችኝ። ካሳ! ቃሉን ስሰማ ልቤ ዘለለ። እስከዚያች ቀን ካሳ የሚባለው ነገር የግመልና የላም ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። የፖሊሱን ወረቀት፣ ሐኪሙ ጉዳቷን የሞላበትን ቅጽ፣ ሁሉንም በፌስታል አድርጌ ሄድኩ።

ጠበቃዋ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበች። መጀመሪያ ያለችኝን አልረሳውም። «እህትሽ መብት አላት» አለች። ሾፌር በቸልተኝነት ተሳፋሪ ቢጎዳ ሊከሰስ እንደሚችል፣ ለሕክምናው፣ ለሥቃዩ፣ ለቀረባት ሥራ ሁሉ መጠየቅ እንደሚቻል፣ ጊዜውም ገና እንዳላለፈ ነገረችኝ። እያንዳንዷን ቃል እየዋጥኩ ሰማሁ። ከዚያ የፖሊሱን ወረቀት እንደገና ወደ ራሷ ሳበችው።

«እዚህ ዘመድ፣ ናውሊ የለም ይላል። እውነት ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «ከፍለናል። ሁላችንም ከፍለናል።»

«ታዲያ ይህን ማን አለ?»

«እኔ።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብዕሯን አስቀምጣ ነገሩን ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳችኝ። የዚያች መኪና ኢንሹራንስ ለቤት መኪና ብቻ የተገባ ነው። ሳንከፍል የተሳፈርን ዘመዶች ነን ካልን፣ የኢንሹራንስ ኩባንያው በነፃ ለተጫነ ዘመድ ግዴታ የለብኝም ብሎ ይከራከራል። ከፍለናል ካልን ደግሞ፣ የቤት መኪና በክፍያ ሰው ሊጭን ውሌ አይፈቅድም ብሎ ይከራከራል። ትክክለኛ ፈቃድ ባለው መኪና ብንሳፈር ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። «በዚህ በር ብትገቡም በዚያ በር ብትገቡም ያስቸግራችኋል» አለችኝ። ስለዚህ የሚቀረው ሾፌሩንና የመኪናውን ባለቤት ራሳቸውን መክሰስ ነው። ለዚያ ግን ቃላችንን ማስተካከል አለብን፤ ሦስቱ ሴቶችም መጥተው እውነቱን መናገር አለባቸው፤ የሽማግሌዎቹ ወረቀትም ፊታችን ይቆማል። «ከባድ ነው፣ ግን አይቻልም አልልሽም» አለች።

ሄሉ ሄጄ ሦስቱን ሴቶች ለየብቻ ለመንኳቸው። ሁሉም አለቀሱልኝ፣ ሻይ አፈሉልኝ። ሁሉም ደግሞ አንድ ቃል ነው ያሉት፤ ፖሊስ ፊት ዋሽተናል ብለን በራሳችን ላይ እንፈርም? ከዚያስ በኋላ የትኛው ሾፌር ይጭነናል? እኔ የሄሉ ሰው ብሆን ከዚህ ሌላ ምን እል ነበር? አልፈረድኩባቸውም፤ ግን መንገዱን ሁሉ እየተቃጠልኩ ነው የተመለስኩት።

ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት። ፖሊሱ በእርግጥ ምን እንደጠየቃትም ጭምር። እጄን የምትመታኝ፣ የምትረግመኝ መስሎኝ ነበር።

«ጠይቀሽኝ ቢሆን» አለች፣ «እኔም ያንኑ እል ነበር።»

«አትይም ነበር! እግርሽ ነው እኮ እትዬ!»

«እል ነበር አልኩሽ። አሁን አርፈሽ ተኚ። አፉ ያልኩትን ሰው ፍርድ ቤት አላቆምም። ወላሂ አላደርገውም።»

ጮህኩባት። እንደ እናቴ የሆነችውን ሴት፣ «አንቺ እኮ እማ ብሎ ስለጠራሽ ነው!» አልኳት። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ማልኩ። ይቺን «ፋሚሊያ» የምትባል ቃል ሁለተኛ ለፖሊስ ላልናገር ማልኩ። ብቻዬን ስሄድ አውቶቡስ እይዛለሁ፣ አውቶቡስ ከሌለ እቀራለሁ። ገበያ ያመለጠኝ ቀን ብዙ ነው።

ባለፈው ወር እትዬን ማርሳቢት ያለ የአጥንት ሐኪም ያያት ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩላት። አውቶቡስ ሞከርን። መወጣጫው ከፍ ያለ ነው፣ እግሯ አይታጠፍም፤ ሁለት ሰው ደግፏት አልሆነም። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ሲያያት አንገቷን ደፋች። እግሯን ዘርግታ ልትቀመጥበት የምትችለው የፕሮቦክስ የፊት ወንበር ብቻ ነው። ስልኬን አወጣሁና «ያዝልኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ኬላው ስንደርስ ፖሊሱ አስቆመን። ሾፌሩ የማናውቀው ሰው ነው፤ «ማማ እናቴ ናት» አለና ወደ እኔ ተመለከተ። ፖሊሱም ወደ እኔ ተመለከተ። «ኒ ኩዌሊ?» አለኝ፤ እውነት ነው?

ማልኩ እኮ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እውነቱን ብናገር መኪናዋ ትቆማለች፣ ሁላችንም እንወርዳለን፣ እትዬ በዚያ ፀሐይ አስፋልት ዳር በምርኩዝ ትቆማለች፣ ቀጠሮው ያልፋል። እግሯን ላሳክም ከሆነ እግሯን ያሳጣትን ቃል መድገም አለብኝ።

«ፋሚሊያ ነን» አልኩት።

ፖሊሱ ምርኩዟን አየ። «ማማ ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«ወድቃ ነው።»

እጁን አወናጭፎ አሳለፈን። ጥቂት እንደሄድን እትዬ ሳትዞር፣ «ምን ምን አለሽ?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ አልደበቅኳትም፤ የጠየቀኝንም የመለስኩለትንም አንድ በአንድ ነገርኳት።

እጇን በትከሻዋ ላይ ወደኋላ ልካ የእኔን እጅ ፈልጋ ያዘችው።

«ደግ አደረግሽ» አለች። «ውረዱ የሚለን መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ከወረድኩ እኮ ተመልሼ መውጣት አልችልም።»