የተተረተረው ቦርሳ

ቦርሳ እሰበስባለሁ። የፋብሪካ አይደለም፤ አንድ ወይም ሁለት ሰው በትንሽ ክፍል ውስጥ ቀዶ የሚሰፋውን የጨርቅ ቦርሳና ከረጢት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ አላፍርም። ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየማችን የመኝታ ቤቴ አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በእነሱ ተይዟል፤ ሸማ አለ፣ ሸራ አለ፣ የቡና ጆንያ አለ። ሁሉንም ተራ በተራ እይዛቸዋለሁ። ተሰቅሎ ብቻ የሚኖር ቦርሳ ለእኔ ቦርሳ አይደለም።

አብራኝ የምትኖረው እናቴ ግን ግድግዳውን ባየች ቁጥር አንድ ነገር ሳትል አታልፍም።

«ስንት ትከሻ ነው ያለሽ አንቺ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለሁለቱ።»

ነገሩ የጀመረው ቀራንዮ ሰፈር ነው። እዚያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰና ዕቃዬ ሁሉ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። አንዲት ሻርፕ የለበሰች ወጣት ከግቢ በር ብቅ ብላ አብራኝ ለቀመች። «ነይ ግቢ እህቴ፣ አሁኑኑ እሰፋልሻለሁ» አለችኝ።

ጓሮ ያለች፣ ቤተሰቦቿ የለቀቁላት ክፍል ነበረች። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የጨርቅ ክምር። እሷ ማንገቻውን ስትሰፋ ዓይኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቦርሳ ላይ አረፈ። ከሸማ ቁርጥራጭ የተሠራ ነው፤ ታቹ ክብ፣ አፉ ላይ ሰፊ እጥፋት ያለው። ጥለቱ የት ላይ እንደሚውል በደንብ አስባበት እንደቀደደችው ያስታውቃል።

«ይሄ ይሸጣል?» አልኳት።

«የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ይኸው እኔ ጠየቅኩሽ።»

ሳቀችና አውርዳ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር በሠራች ቁጥር የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነበርኩ። ቀስ በቀስ ሌሎቹንም ስቱዲዮዎች አገኘኋቸው። ከተማው ማዶ ከቡና ጆንያ የሚሰፉ ሁለት ጓደኛሞች አሉ፤ ሳሎኗን ወደ ስቱዲዮ የለወጠች ጥልፍ ጠላፊም አለች። አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፦ የሰፋውን ሰው ሳላገኝ አልገዛም። ኪሱን ለምን እዚያ እንዳደረገው እጠይቀዋለሁ፤ ደህና መልስ ካለው ቦርሳውም ደህና ነው።

አምና ክረምት የቀራንዮዋ ልጅ ሰፈር ትቦው ሞላና ጎርፉ ግቢዋ ገባ። የስፌት መኪናዋን ጎረቤት ተረባርቦ ጠረጴዛው ላይ ሰቀለላት። ጨርቁም ታጥቦ ተሰጣ። ካርቶን ላይ የሳለቻቸው፣ ጨርቁን እየለካች የምትቆርጥባቸው የቦርሳ ቅዶች ግን ከጠረጴዛው ሥር ነበሩና ርሰው ገንፎ ሆኑ። ይህ የሆነው ደግሞ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ከእያንዳንዱ ሥራዋ ናሙና እንድታመጣ በጠየቃት ሰሞን ነው።

ልጠይቃት ስሄድ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጭቃ የሆነውን ካርቶን በእንጨት ትቆሰቁሳለች።

«የድሮው ሁሉ አለቀ። አንድ እንኳ ለራሴ አላስቀረሁም፤ ሁሉንም ሸጬዋለሁ።»

«ለማን?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«እሁድ ካርቶንና መቀስሽን ይዘሽ ቤት ነይ» አልኳት።

እሁድ መጣች። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰችውን እናቴን «እንዴት አደሩ እማማ?» ብላ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻትና ሥራ ጀመርን። የእሷን ቦርሳዎች በሙሉ አልጋዬ ላይ ደረደርኳቸው። አብዛኞቹን ጠፍጣፋ አድርጋ ዙሪያቸውን በእርሳስ ሳለች። የመጀመሪያው፣ ታቹ ክብ የሆነው ግን እምቢ አላት። ገለባበጠችው፣ ለካችው፣ ራሷን ነቀነቀች።

«እጥፋቱ ከውስጥ ነው የተያዘው። ከላይ ተለክቶ አይገኝም።»

«እንተርትረዋ።»

«አይሆንም! ይሄንንማ አልነካውም። ሌሎቹ ይበቁኛል።»

ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነበር። ነገር ግን አንድ ሆኖ እኔ ዘንድ ከሚቀር በዝቶ በሰው ትከሻ ላይ ቢሄድ እንደሚሻል ለመወሰን ብዙ አላሰብኩም። ከመሳቢያ ምላጭ አወጣሁና የጎኑን ክር በጠስኩት። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወዲያው ግን ምላጩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«እንደሱ አይደለም፣ ጨርቁን ትቆርጪዋለሽ! ስጪኝ።»

እየተረተረች ሄደች። ገበሩ ተላቆ ሲገለበጥ ያላየሁት ጎኑ ወጣ፤ ላዩ ላይ የተነቀለ የደረት ኪስ ምልክት አለ። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

«ዩኒፎርሜ ነው! ያኔ ገበር መግዣ ስላልነበረኝ እሱን ቀደድኩት። እናቴ እኮ ለታናሽ እህቴ ይሆናል ብላ እስካሁን ትፈልገዋለች።»

በር ላይ ቆማ ስታየን የነበረችው እናቴ ይህን ጊዜ ገባች። «እስቲ አምጪው» ብላ ተቀበለቻትና ካውያውን ሰካች። «የተጨማደደ ነገር ደግሞ ይለካል እንዴ?» ከዚያ በኋላ አዛዧ እሷ ሆነች። እያንዳንዱን ቁራጭ ተኩሳ ታቀብላለች፣ ልጅቷ ትስላለች፣ እኔ ካርቶኑን እይዛለሁ።

ሲያልቅ ልጅቷ «ከአዲስ ሸማ ሌላ እሰፋልሻለሁ» አለችኝ።

«የለም፣ ያንኑ መልሰሽ ስፊልኝ። ከነዩኒፎርሙ።»

ሰፍታ መለሰችልኝ። ጎኑ ላይ የድሮው መርፌ ቀዳዳ ይታያል፤ ትንሽም ስለጠበበ ምሳ ዕቃዬ አይገባበትም። ምሳዬን በቡና ጆንያው ቦርሳ እይዛለሁ።

መደብሩ ናሙናዎቹን ወደዳቸውና ብዙ አዘዘ። አሁን ጎርፍ የማይደርስበት ዳገቱ ላይ ክፍል ተከራይታ ከሌላ ቦርሳ ሰፊ ጋር ትሠራለች። ቅዶቿንም ካርቶን ላይ ሳይሆን ኮምፔርሳቶ ጣውላ ላይ ቆርጣ ከራሷ በላይ ሰቅላቸዋለች።

ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ታቹ ክብ የሆነውን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋለች። አፉ ክፍት ነው፤ ውጭ ደመናው ከብዷል።

«እጥፋቱን ወደ ውስጥ አስገቢው፤ እንደሱ ሲሆን ዝናብ አያስገባም» አልኳት።

በመገረም አየችኝና እንዳልኳት አደረገች።

«እርስዎም አለዎት እንዴ?»

«የመጀመሪያው እኔ ጋ ነው» አልኳትና ፌርማታዬ ላይ ወረድኩ።