ጉብታውን ያልተሻገረው ውሃ

ዝናሽ የብረት ዘንጉን አንድ ጫፍ ከቧንቧው፣ ሌላውን ከጆሮዋ አገናኝታ ትንፋሿን ያዘች። ይንጎራጎራል። ውሃው ከታች እየገፋ እዚህ ድረስ መጥቷል። ዘንጉን ይዛ ሽቅብ ሮጠችና ከጉብታው ማዶ ባለው ቫልቭ ላይ አሳረፈችው። ጭጭ። ተመልሳ አዳመጠች፤ ደግማ ማዶ ሄደች። እዚህ ውሃ አለ፣ እዚያ የለም። ነገሩ ያለው በመካከሉ ባለው መቶ ሃምሳ ሜትር ውስጥ ነው።

ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ተኩል። ስድስት ሰዓት ላይ ፈረቃው አብቅቶ ውሃው ወደ ገበያው ሰፈር ይዞራል። ለላይ ሰፈር የተዘረጋው ይህ አዲስ መስመር ከርክክቡ ቀን ወዲህ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ጠብታ አላወጣም። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ዛሬም እምቢ ካለ ሰኞ ቆፋሪዎች መጥተው ቧንቧውን ነቅለው ለሌላ ሰፈር ይወስዱታል፤ ላይ ሰፈር በቦቴ ይቀጥላል። ቦቴው ደግሞ በሳምንት አንዴ ነው፣ ያውም መንገዱ ካልጨቀየ።

ጠዋት ስትወጣ የፓምፕ ቤቱ ኃላፊ ሙላቴ ተስፋ አስቆርጧት ነበር። ሙላቴ ከሞተር ጋር ከመኖሩ የተነሳ ሰው ሲያዋራው እንኳ አንድ ጆሮው ወደ ሞተሩ ነው።

"ፓምፑ አቅም የለውም አልኩሽ እኮ። ሰው ቤት ሲሠራ እኔን አማክሮ ነው እንዴ ገደል አፋፍ ላይ የሚሰቀለው?"

"የዛሬ ሦስት ወር መስመሩን ስንረከብ ግን ወጥቶ ነበር።"

"አንድ ቀን።"

"አንድ ቀን የቻለ ፓምፕ በሁለተኛው ቀን ምን ነካው?"

ሙላቴ ትከሻውን ሰበቀ። "እስከ ስድስት ሰዓት አላጠፋብሽም። ከዚያ ወዲያ አላውቅሽም።"

ዝናሽ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው በገሳይ ከተማ አጠገብ፣ ከገብስ አራሽ ቤት የተወለደች ናት። በሃያ ሁለት ዓመቷ ኩዌት ሄዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። አብረዋት የሄዱት ስለ ሕንፃውና ስለ ወርቁ ሲያወሩ እሷን ያስገረማት ውሃው ነበር። ወንዝ የለ፣ ምንጭ የለ፤ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ግን ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር ውሃ አለ። ከየት ነው የሚመጣው ብትል አሠሪዎቿ ሳቁባት። መልሱን የነገራት የሕንፃው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የባሕሩን ውሃ አፍልተው እንፋሎቱን መልሰው ውሃ ያደርጉታል፤ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ ማማ ላይ ያወጡትና በራሱ ክብደት ወደየሰፈሩ ይወርዳል። ፎቅ ለበዛበት ሕንፃ ደግሞ ሌላ ሞተር እስከ ጣሪያው ይገፋዋል። ዝናሽ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ በወጣች ቁጥር የሰውየውን እጅ ስታይ ትቆይ ነበር። መጀመሪያ የሚነካው ሁልጊዜ ከመስመሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ማስወጫ ነበር።

ወደ አገሯ የተመለሰችው በክረምት ነው። ጉና ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መንገዱን እየቆራረሰ ይወርዳል፤ የደብረ ታቦር ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል። በረሃው ጠጥቶ ደጋው መጠማቱ አናደዳት። ኮሌጅ ገብታ የቧንቧ ሥራ ተማረች፤ ውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ዛሬ ከተማው እንዴት እንደሚጠጣ አብጠርጥራ ታውቃለች፦ ከሜዳው ጥልቅ ጉድጓድ ይሳባል፣ ክሎሪን ይገባበታል፣ በፓምፕ ይገፋል፣ በፈረቃ ይከፋፈላል። የከተማው ቤት ግን በየወሩ እየጨመረ ሽቅብ ይወጣል፤ ውሃም አብሮት መውጣት አለበት።

የመስመሩን ንድፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ድንጋይ ላይ ዘረጋች። ከሠራተኞቹ ጋር መስመሩን ተከትለው ሁለት ጊዜ በእግር ሄደዋል፤ ሲፈልጉ የነበረው ግን እርጥብ መሬት ነው፤ ውሃ የሚፈስበትን። የጎደለው ውሃ ሳይሆን የአየር መውጫ ቢሆንስ? የአየር ማስወጫዎቹን በጣቷ ቆጠረች፤ ሦስት ናቸው። ሁለቱን ዛሬ በዓይኗ አይታለች። ሦስተኛው ጉብታው አናት ላይ መሆን ነበረበት። ቀና አለች። ጉብታው አናት ላይ ያለው የጭድ ክምር ነው።

ወጥታ አጠገቡ የተሰካውን መንሽ አንስታ ክምሩን ከጥግ መግፈፍ ስትጀምር አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ብቅ አሉ። አያ ይሻው ናቸው፤ ከተማው እርሻቸውን ዙሪያውን የከበባቸው የአካባቢው ነባር ሰው።

"ምን አድርጎሽ ነው ጭዴን የምትበትኚው?"

"አያ፣ እዚህ ሥር የብረት ክዳን አልነበረም?"

"ነበር። አሁንም አለ።"

"ክዳኑ ሥር ያለውን ነገር ነክተውታል?"

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፉ። "ነክተውታል ትለኛለች! እናንተ ጥላችሁት የሄዳችሁትን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ውሃው የመጣ ዕለት ሲያፏጭ፣ ሲተፋ ዋለ። ይህ ሁሉ ሰው ተጠምቶ ዝም ብዬ ልይ? የወይራ ሽብልቅ ጠረብኩ፣ ጎማ ጠቀለልኩበት፣ መታሁት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም። ጭዱንም የከመርኩበት ልጆች እንዳይነካኩት ብዬ ነው።"

ዝናሽ ሳቋ አመለጣት።

"ምን ያስቅሻል?"

"ሥራዎ ነው አያ። አሳምረው ስለደፈኑት እኮ ነው ላይ ሰፈር ውሃ ያጣው።"

"ማ፣ እኔ?"

"ቅል ወንዝ ውስጥ ሲነክሩ ምን ይላል?"

"ቡልቅ ቡልቅ ይላል።"

"ቡልቅ የሚለው ምኑ ነው?"

"ነፋሱ ነዋ፣ ሲወጣ።"

"ነፋሱ መውጫ ቢያጣስ?"

"ውሃው አይገባማ" አሉ አያ ይሻው። ክምሩን አዩ፣ ሽቅብ ላይ ሰፈርን አዩ። ከዚያ መንሹን ከእጇ ነጥቀው ጭዱን ይወረውሩት ጀመር። የሰባ ዓመት ሰው አይመስሉም።

አምስት ሰዓት ሲቃረብ ክምሩ አለቀና ክዳኑ ተነሳ። የወይራው ሽብልቅ ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ የማስወጫውን አፍ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። ዝናሽ በመጀመሪያ ከሥሩ ያለችውን መዝጊያ ዘጋች፤ ታምቆ የቆየ አየር ሽብልቁን እንደ ጥይት ሊወረውረው ይችላል። ከዚያ በመፍቻ ጎተተችው። አልነቃነቅ አለ።

"ዞር በይ ልጄ" አሉ አያ ይሻው መጥረቢያቸውን ይዘው። "የመታሁበትን ጎን የማውቀው እኔ ነኝ።" በመጥረቢያው ጀርባ ከግራ አንዴ፣ ከቀኝ ሁለቴ መቱት። ሦስተኛው ላይ ተነቀለ።

ዝናሽ የማስወጫውን ውስጥ ጠረገች፤ አየሩ ሲያልቅ በውሃው ተንሳፍፋ አፉን የምትዘጋዋ ኳስ በነፃነት እንደምትንቀሳቀስ በጣቷ ሞከረች። "አያ፣ ራቅ ይበሉ" ብላ የታችኛዋን መዝጊያ በትንሹ፣ ሩብ ዙር ያህል ከፈተች። ፉጨቱ ጉብታውን ሞላው። ጭዱ እንዳለ ወደ ላይ በነነ። ደቂቃ ቆጠረች፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት።

ስልኳ ጮኸ። ሙላቴ ነው፤ ድምፁ ተቀይሯል። "የግፊቱ መርፌ ወረደ። ከአሥራ አንድ ዘጠኝ ገባ። ቧንቧው ፈንድቷል፣ ላጠፋው ነው።"

"እንዳትነካው።"

"ዝናሽ፣ ሞተሩ ቢቃጠል ተጠያቂው እኔ ነኝ።"

"አልፈነዳም። ውሃው የሚሄድበት አግኝቶ ነው ግፊቱ የቀነሰው። አሥር ደቂቃ ስጠኝ።"

"አምስት" አለ ሙላቴ።

ፉጨቱ ወፈረ፣ ተንተባተበ፣ ጠብታ ተፋ። ከዚያ ኳሷ ተነስታ አፉን ዘጋችውና ጸጥ አለ። ዝናሽ ዘንጉን አንስታ ወደ ማዶው ቫልቭ በረረች። ጆሮዋን ስትደግን የሰማችው የሚንጎራጎር አልነበረም፤ የሚሮጥ ውሃ ነው። "ተሻገረ" አለች በስልኩ፤ ቀጥላም ወደ ላይ ሰፈር ሮጠች።

ላይ ሰፈር የጋራ ውሃ መቅጃው ቦኖ ጋ ጠባቂዋ ፈንታነሽ ከተሰለፈው ሰው ፊት ቆማለች። የቦኖው ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው፤ ውሃ ያልመጣበትን ቦኖ ሦስት ወር ሙሉ ስትወለውል የከረመች ሴት ናት። ቧንቧው አሳለ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ገፍትሮ ወጣ። ከሰልፉ እልልታ ተነሳ። ፈንታነሽ ጀሪካን ልትደቅን ስትል ዝናሽ በእግሯ ወዲያ ገፋችው።

"ይፍሰስ።"

"ምን አልሽ?"

"ይህ የቧንቧው እጣቢ ነው። እስኪጠራ ይፍሰስ።"

"ሦስት ወር የጠበቅነውን መሬት ልታጠጪው?" ሰልፉ አጉረመረመ። አንዷማ ጣሳዋን ከሥር ልትሸጉጥ ሞከረች።

"ተዉዋት" አሉ አያ ይሻው፤ ላብ በላብ ሆነው ደርሰዋል። "ውሃ ሲፈስ አይቶ ዝም ማለት ይከብዳል። እኔ አቅቶኝ ይኸው ጉድ ሆኛለሁ።"

ብዙ ከፈሰሰ በኋላ ውሃው ጠራ። ዝናሽ በትንሽ ብልቃጥ ቀዳች፣ መመርመሪያውን ኪኒን ጣለችበት፣ ለብርሃን አነሳችው። ሮዝ ሆነ። ክሎሪኑ እስከ ዳገቱ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። "አሁን ቅዱ" አለች።

ሙላቴ ደወለ። "ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀርሻል።"

"ሰኞ ቆፋሪ አትላክ።"

"ማን ይልካል? መርፌውን እያየሁት አይደል እንዴ። ለፈረቃው ቀን ንገሪኝ፣ ሰሌዳው ላይ ልጻፈው።"

"ሐሙስ አለህ?"

"ሐሙስ፣ ከአንድ እስከ ስድስት።"

ፈንታነሽ ሰምታ ወደ ሰልፉ ዞረችና "ሐሙስ፣ ከአንድ እስከ ስድስት" አለች፤ ኋላ ያሉት ስላልሰሙ ደገመችላቸው። ዝናሽ መፍቻዋን ከመሬት አንስታ ፈረቃውን ለመዝጋት ቁልቁል ሮጠች፤ ገበያው ሰፈርም ጀሪካኑን ደርድሮ እየጠበቀ ነው።