በዘነበች ሕመም ያሳቅሁበት ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን እያሳቅሁ ስዘረዝርላቸው ይቺን አንዷን ሁልጊዜ እዘላት ነበር። ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ አካባቢ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። እኔ ኪስ እሰፋለሁ፤ ከጎኔ ያለችው ዘነበች የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች። የኔ ወሬ ከማሽኑ ቀድሞ ይነሳል። እሷ ዝምተኛ፣ ጥንቁቅ፣ በትንሹም በትልቁም የምትሰጋ ሴት ነበረች። አንድ ስፌት ከተጣመመባት ፈትታ እንደ አዲስ ትጀምራለች።

አንድ ክረምት ያቺ ጥንቁቅ ሴት ፀጉሯን ማበጠር ተወች። ምሳዋን ሳትከፍተው ይዛ ትመለሳለች። አንድ ቀን ከሥራ ወጥተን በካፊያ ስንሄድ፣ «ወንድሜ፣ ታምሜያለሁ መሰለኝ» አለችኝ።

«ምንሽን?»

«እሱን ባውቀው! አያተኩሰኝ፣ አይወጋኝ። ግን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ምንም ነገር ደስ አይለኝም።»

እኔስ ምን አልኳት? «አይ ያንቺ ነገር!» ብዬ ቀልድ ጀመርኩ።

በሳምንቱ በውይይት ክበባችን የሷ ሥራ መቀነስ ተነሳ። እሷ የለችም። ሰብሳቢው ወደኔ ዞሮ፣ «ጓድ፣ ከጎኗ የምትሠራው አንተ ነህ። ታማ ነው ወይስ አሻጥር ነው?» አለኝ።

«ታማለች» ማለት ምን ነበረበት? ፈርቼ ነው? ትንሽ ፈርቻለሁ። እውነቱን ካወራን ግን ያሸነፈኝ ሰው ማሳቅ መውደዴ ነው። ብድግ ብዬ፣ «ተፈጥሮዋ ነው ጓድ! እሷ እኮ ሠርግ ብትጠራም አልቅሳ ነው የምትመለሰው» አልኩ። አንገቴን ሰብሬ አካሄዷን አሳየኋቸው። ሰዉ በሳቅ አውካካ። እኔ ነኝ ያሳቅሁት። እኔ። በዚያው ስብሰባ የጠየቀችውን የሕመም ፈቃድ ተከለከለች፤ ከማሽኗ ተነስታ ጨርቅ ቁርጥራጭ ጠራጊ ሆነች።

ማን እንደተናገረባት አታውቅም። መጥረጊያዋን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ፣ «እንደምን አደርክ?» ትለኛለች። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። እንዴት አፌ አልተያዘም?

ደግነቱ ታላቅ እህቷ ከላፍቶ መጥታ፣ እጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ዛሬ ድባቴ የምንለውን ሕመም አወቀላት፤ ወረቀትም ጻፈላት። አርፋ፣ ታክማ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ሳቂታ ሆና ግን አልመጣችም። ያው ዝምተኛ፣ ያው ስፌት ፈቺ ናት፤ ግን ምሳዋን ትበላለች፣ በቀልዴም ፈገግ ትላለች። ጠባይዋ አብሯት አለ፤ የሄደው ሕመሙ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የፈረድኩባት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እኔ አስቂኙ ታመምኩ። አፌ ይቀልዳል፤ ውስጤ ባዶ ነው። «አሞኛል» ስል ሁሉም ይስቃል! አዲስ ቀልድ ያመጣሁ መስሏቸው «ድገመው» ያሉኝም አሉ። ዘነበች ብቻ አልሳቀችም።

«ቀልዱን ተወውና፣ እንቅልፍ ትተኛለህ?» አለችኝ።

«አልተኛም።»

በማግስቱ አስፈቅዳ ያንኑ ሐኪም ዘንድ ይዛኝ ሄደች። «ዶክተር፣ እኔ እኮ በተፈጥሮዬ ተጫዋች ነኝ» ስለው፣ «ሰጊ ሰው ለዚህ ሕመም ይበልጥ ይጋለጥ ይሆናል እንጂ፣ ተጫዋችንም አይምርም» አለኝ። ዘነበች ከት ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ታምሜም ደስ አለኝ።

ዳንኩ። ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል፤ ለልጄ ክርስትና እናት ናት። ቤተሰቤ ሲሰበሰብ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ እኔ መሃል ሆኜ አወራለሁ፤ ሁለታችንም ደህና ነን።

ጊዜው ክፉ ነበር፤ አፉ ግን የኔ ነው። አላወቅሁም እንዳልል ነግራኝ ነበር። የፊታችን እሑድ መካኒሳ ቤቷ ሄጄ ሁሉንም እነግራታለሁ። ብትምረኝ ደግነቷ ነው። ብታስወጣኝም ባርኔጣዬን አንስቼ እወጣለሁ እንጂ አልከራከርም።