412 እና 417

አባቴን ሰፈሩ «ባለ አጉሊው» ይለዋል። አጉሊ መነጽሩን በጫማ ማሰሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይበላል፣ አንጠልጥሎ ያንቀላፋል። ሥራው የጥንት ጠመንጃ መመርመርና መጠገን ነው፤ በተለይ ከቃታው ሥር ያለው ማንሻ ወደ ታች ተገፍቶ ሲመለስ ጥይት የሚጎርሰውን ዓይነት። ሰው ጠመንጃ ይዞለት ሲመጣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አይመልስም። የፋብሪካ ምልክት ፍለጋ ይገባል፤ ከላይ የፋብሪካውን ስም፣ ከሆዱ ሥር ተራ ቁጥሩን፣ ከጎኑ ደግሞ ተፈትኖ ማለፉን የምትመሰክረውን ቁንጫ የምታህል ማኅተም። እኔ ልጁ ስታመም ያን ያህል አገላብጦ አይቶኝ አያውቅም።

ውጪውን አይቶ ግን አይረካም፤ ሰደፉን ይፈታል። ድሮ ፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ሰደፍ ለአንድ ብረት በልኩ እየተሞረደ ይገጠም ስለነበር፣ ሠራተኞቹ እንዳይቀላቀልባቸው በብረቱም በእንጨቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመቱበታል። ሰደፉ ካልተፈታ ቁጥሩ አይታይም። ባለቤቶቹ «ኧረ ጋሼ ይበቃል፣ እንዳይበላሽብኝ!» ይሉታል። እሱ እቴ! ሳያይ አይመልስም።

ምክንያቱን የነገረኝ ካደግሁ በኋላ ነው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ ለምን ለማንም እንደማይሸጥ ስጨቀጭቀው።

ሙያውን ሲጀምር ሁለት ተመሳሳይ ጠመንጃዎች ባንድ ቀን ፈታ። አንዱ የራሱ፣ ያ ግድግዳው ላይ ያለው ነው፤ ሌላው ደን ጠባቂ የነበረው የታናሽ ወንድሙ። ጠራርጎና ዘይት ቀብቶ ሲገጥም ሰደፎቹን አቀያየራቸው። የጀማሪ ስህተት ነው፤ ያልሠራው የለም። የወንድሙ ሰደፍ ትንሽ ወዝወዝ ሲል «ብሎኑን አጥብቄዋለሁ፣ ሂድ» አለው። ወንድሙ ወደ ደኑ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አባቴ የራሱን ጠመንጃ ከሳምንት በኋላ ሲፈታ ብረቱ 417፣ እንጨቱ 412 ይላል። የወንድሙ እንግዲህ የዚህ ግልባጭ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «በጭንቁ ሰዓት ሰደፉ ከድቶት ቢሆንስ?» እያለ ሲብሰለሰል ኖረ። ለእናቱ ትንፍሽ አላለም። አያቴ ደግሞ ሕግ አውጥታለች፤ «ልጄ አልሞተም። እቤቴ ውስጥ የሚያለቅስብኝ ሰው እንዳላይ!» ማንም አላለቀሰም። በዚህ ሕጓ ብዙ ተናድጄባታለሁ፤ ንዴቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። አባቴ ግድግዳው ላይ ያለውን ጠመንጃ በየጊዜው እየወለወለ «ሲመጣ እቀይርለታለሁ» ይል ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ የመንገድ ሥራ ፎርማን በጆንያ የተጠቀለለ ጠመንጃ ይዞ ሱቃችን ገባ። የተናደ ድንጋይ ሲያነሱ ያገኙት ነው።

«ጋሼ፣ የማን እንደሆነ ማወቅ ይቻል ይሆን?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሥሩ አጥንትም ነበረ።»

የውጪውን ቁጥር ዝገት በልቶታል። አባቴ ብሎኖቹን ዘይት አጠጥቶ እስከ ከሰዓት ጠበቀ። ምሳውን አልነካም። ሰደፉ ሲወጣ እንጨቱ ጠቁሯል እንጂ አልበሰበሰም። አጉሊውን ካንገቱ አውልቆ ሰጠኝ።

«አንቺ አንብቢልኝ።»

ባለ አጉሊው! ለኔ! አነበብኩለት። ብረቱ 412። እንጨቱ 417።

ሰደፉ ላይ ስንጥቅ ይፈልግ ጀመር። የለም። ብሎኑም እሱ እንዳጠበቀው ነው። ጥይቶቹ ከነሙሉ ቁጥራቸው አሉ፤ አንድም አልተተኮሰም። ወንድሙ ላይ የወረደው ተራራው ነው።

«አየህ አባዬ፣ ሰደፉ አልከዳውም» አልኩት፣ የሚቀለው መስሎኝ። ሞኝ ነኝ።

«ጥፋቱስ የኔ ይሁን፤ ብቻ እሱ በኖረልኝ» አለኝ።

ከግድግዳው ላይ ያኛውን አውርዶ ሰደፉን ፈታ። የወንድሙን ብረትና ትክክለኛውን እንጨት ሳይገጥማቸው በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ እናቱ ቤት ወሰዳቸው፤ እኔም ተከተልኩት። አያቴ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። አባቴ ከፊቷ ቆሞ ስለ ናዳው፣ ስለ አጥንቱ፣ ስለ ተቀያየሩት ሰደፎች፣ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ጣቷን ይዞ መጀመሪያ ብረቱ ላይ፣ ቀጥሎ እንጨቱ ላይ በተመታው ቁጥር ላይ አስኬደው።

«አንድ ናቸው?»

«አንድ ናቸው፣ እማዬ።»

«በል ግጠመው።»

ገጠመው። ተቀበለችውና ሰደፉን ወዘወዘችው። አልነቃነቅ አለ። ጭኗ ላይ አጋደመችው፣ ብዙ ደቂቃ ዳበሰችው።

«እንግዲህ አልቅስ፣ ልጄ» አለችው።

የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ጉልበቷ ላይ ተደፋ።