እሜቴ ለምን ታነክሳለች

ሰውየው የገዛ ስሙን መታወቂያው ላይ ካላየው በቀር ሳይረሳው አይቀርም፤ ሰፈሩ የሚያውቀው «ቆይ-ቆይ» ብሎ ነው። «መኪናዬ መቼ ይደርሳል?» ሲሉት «ቆይ፣ ቆይ»፤ «ምሳው ቀዘቀዘ» ሲሉት «ቆይ፣ ቆይ»። የዛሬዋን ሚስቱን ላግባሽ ያላት ቀን እሷም «ቆይ፣ ቆይ» ብላ ዓመት ሙሉ አስጠብቃዋለች ይባላል። እሱ ግን ይህን ወሬ የፈጠረው ጎሚስታው ነው ባይ ነው። ጎሚስታው ከቆይ-ቆይ ጋራዥ አጠገብ ጎማ የሚለጥፍ ጎረቤቱ ሲሆን፣ ከጎማ ይልቅ ወሬ መንፋት ይቀናዋል።

በዚያ ሳምንት ጋራዡ ውስጥ ሆዷ ተከፍቶ የቆመችው «እሜቴ» ነበረች። እሜቴ ትራክተር ናት። ከቆይ-ቆይ በአሥር ዓመት ትበልጣለች፤ ቀለሟ ድሮ ቀይ ነበር፣ አሁን የዛገ ምስማር መስላለች። ባለቤቷ እትዬ፣ ማለትም የቆይ-ቆይ ታላቅ እህት ናት። እሜቴ ስትመጣ ሳያዩዋት በድምፅዋ ይለዩዋታል፤ ሦስት ጊዜ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ ትልና አራተኛው ላይ እንደ ደከመው ሰው እፍ ትላለች። «እሜቴ እያነከሰች መጣች» ይላል ሰዉ።

ያነከሰችበትን ምክንያት እትዬ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። ጥፋተኛው ባሏ ነው። የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት፣ ሞተሯ ተበትኖ በታደሰ በሳምንቱ፣ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ አስጨንቆ ገደላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ባሏን ከመሪው አውርዳ ራሷ ትነዳለች። ሰውየው ክፉ ቃል የማይወጣው፣ ሲበዛ ዝምተኛ ነው። የእሜቴን ኮፈን በጨርቅ ሲወለውል ብቻ ነው ፊቱ ሲፈታ የሚታየው።

እውነቱን የሚያውቀው፣ እንደመሰለው፣ ቆይ-ቆይ ብቻ ነበር። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ጋራዥ ከከፈተ ገና ወሩ። የእህቱ ትራክተር የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ነበረች። አራት አዲስ ፒስተን ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረና፣ ዞር ሲል ክርኑ አንዱን መታው። ፒስተኑ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተሰነጠቀ። መለዋወጫ ቤት ሮጦ ሄደ፤ ያገኘው ግን የወፍጮ ሞተር ፒስተን ነበር። ስፋቱ እኩል፣ ቁመቱ ረዘም፣ ክብደቱም ከበድ ይላል። አናቱን በሞረድ ሞርዶ፣ ሞርዶ፣ ከሚገባው በላይ ሞርዶ ከተተው። እሜቴ ማነከስ የጀመረችው ያን ዕለት ነው። ባልየው ዳገቱን የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰዉ ማነከሷን ልብ ያለው ግን ያኔ ነው።

አሁን እሜቴ መንገድ መሐል ሰማያዊ ጭስ ተፍታ ቀጥ ብላለች። ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ቆይ-ቆይ ፈታትቶ ሲያይ ሦስቱ ፒስተኖች አርጅተዋል፤ አራተኛው፣ ያ የሞረደው፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ድመት እንደቧጨረው አድርጎታል። እህቱ ስትጠይቀው «አንዱ ነው የተበላሸው» አላት። ምላሱ ነው ቀድሞት የተናገረው።

መለዋወጫ ቤቱን አሁን የያዘችው የድሮው ሻጭ ልጅ ናት።

«ለእሜቴ ነው አይደል?» አለችው ገና በሩን ሳያልፍ።

«በምን አወቅሽ?»

«እትዬ ላለፈ ላገደመው ስትነግር ነው የዋለችው። ባሌ ያኔ የገደላት ዛሬ ገና ነፍሷ ወጣ እያለች።»

ቆይ-ቆይ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እሷ መሰላል ላይ ወጥታ ሁለት ካርቶን አወረደች። በአንደኛው ልክ እንደ ድሮዎቹ የሆኑ፣ ቅባት በነካው ወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ፒስተኖች አሉ። በሁለተኛው አራት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ግን ከድሮው በግማሽ ሚሊሜትር የሰፉ።

«የድሮው ልክ ሦስት ብቻ ነው የቀረኝ» አለች። «ካሰኘህ ደግሞ የወፍጮ ሞተር አንድ አለኝ። ስፋቱ ይገጥማል።» ካርቶኖቹን ወደሱ እየገፋች ጨመረች፦ «አባዬ ያኔ ሲሸጥልህ እዚህ ጥግ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።»

«ሰማሽኝ?»

«ለወፍጮ ነው ስትል ሰማሁ። ወፍጮ የታለህ እንዳልልህ ልጅ ነበርኩ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ለጎሚስታው ነግሬው ቢሆን በማግስቱ በድምፅ ማጉያ ትሰማው ነበር። ሁሉንም ውሰድና የማትፈልገውን መልስልኝ።»

ቆይ-ቆይ ጋራዡ ገብቶ ፒስተኖቹን ጠረጴዛው ላይ፣ በዚህ ጊዜ ከክርኑ አርቆ ደረደረ። ከአትክልት ሻጯ ሚዛን ተውሶ አንድ በአንድ መዘነ። የሰፉት አራቱ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። የወፍጮው ግን ከሦስቱ በአንድ ደህና ሽንኩርት ይከብዳል። ምርጫው ግልጽ ነበር፤ ከባዱ ከምርጫው በኋላ ያለው ነው። ሦስቱንና የወፍጮውን ከከተተ በሁለት ቀን ይጨርሳል። እሜቴ እንደለመደችው እያነከሰች ታርሳለች፣ የሚጠይቅም የለም። አራቱን ካለ ግን ሞተሩ ሲሊንደር በማሽን ወደሚፈለፍሉበት ሬክቲፊካ ቤት ተጭኖ ሄዶ አራቱም ሲሊንደር መስፋት አለበት። እትዬ ደግሞ «አንዱ ነው የተበላሸው አላልከኝም?» ማለቷ አይቀርም። እትዬ ጥያቄ ከጀመረች እስከ ሥሩ ሳትቆፍር አትተውም።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ለራሱ፣ የወፍጮውን አንስቶ ሞረዱን በዓይኑ እየፈለገ።

በዚህ መሐል የእህቱ ባል እትዬ በየቀኑ የምትልክለትን የምሳ ሳህን ይዞ ገባ። ሳህኑን አስቀመጠና በባዶው የትራክተር ሆድ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ የምልህ… ስትጨርስ፣ አንድ ጊዜ ሞተሯን እኔ ላስነሳት? እዚሁ ጋራዥ ውስጥ። አልነዳትም። እህትህ ሳታይ፣ ድምፅዋን ብቻ።»

ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። እንደ ተማሪ ነበር እጁን ወደ ኋላ አድርጎ የጠየቀው። ቆይ-ቆይ የወፍጮውን ፒስተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከጠረጴዛው ሥር ካለው የቆሻሻ ሣጥን ያንን አሮጌውን፣ የሞረዱ ጭረት ያለበትን አወጣ።

«ጋሼ፣ ና። እትዬ ጋ እንሂድ» አለው።

እትዬ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ ዘር ትለቅም ነበር። ቆይ-ቆይ ፒስተኑን ሰፌዱ መሐል ዱብ አደረገው።

«ኧረ ዘሬን በዘይት! አብደሃል?»

«እትዬ፣ እሜቴን ያሳመማት ጋሼ አይደለም። እኔ ነኝ። ይሄን ነው የከተትኩባት። የወፍጮ ነው። አንዱን ጥዬ ሰብሬው አፈርኩና ሞርጄ ከተትኩት። ዳገቱም ማርሹም ምንም አላደረጋትም። ዛሬም ልደግመው ነበር።»

እትዬ ፒስተኑን አገላብጣ አየችው። ጭረቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ውርጅብኙን የጠበቀው ወንድሟ ወደ አጥሩ በር አንድ እርምጃ አፈገፈገ። እሷ ግን የዞረችው ወደ ባሏ ነው።

«አንተስ? አፍ የለህም? ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን አልተከራከርከኝም?»

«ተከራክሬሻለሁ እኮ» አለ ባልየው ረጋ ብሎ። «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት። ከዚያ ደከመኝ።»

እትዬ መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ሁለቱንም አላደረገችም። ሰፌዱን አንስታ ወደ ውስጥ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ለወንድሟ «አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ» አለችው። «አንተን በኋላ ነው የማገኝህ።»

ሞተሩ በጋሪ ተጭኖ ሬክቲፊካ ቤት አምስት ቀን ከረመ። ባለሙያው የእያንዳንዱን ፒስተን ወገብ ለክቶ አናቱ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፈና እያንዳንዱን ሲሊንደር በሚገባበት ፒስተን ልክ አሰፋው። በነዚያ ቀናት እትዬ ወንድሟን አላናገረችውም። ምሳው ግን አልቀረም፤ ጨው ብቻ ነው የቀረበት። ቆይ-ቆይ አንድም ቀን ጨው አልጠየቀም፤ ሳህኑን ጠርጎ እየበላ ባዶውን ይልክላት ነበር።

እሜቴ በተነሣችበት ጠዋት ግማሽ ሰፈር ጋራዡ በር ላይ ነበር። መጀመሪያ አስነጠሰች፣ ቀጥላ ያዘች። ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ። አራቱም እኩል።

«ይቺ የማን ናት?» ብሎ ጮኸ ጎሚስታው። «እሜቴን የት አድርጋችኋት ነው?»

እትዬ በለመደችው እግር መቀመጫው ላይ ወጣች፣ መሪውን ያዘች። ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ ወረደች።

«ና፣ ውጣ» አለች።

«እኔን ነው?» አለ ባሏ።

«አይ፣ ጎሚስታውን! ውጣ እንጂ ሰውዬ፣ ዝናቡ እኮ አይጠብቅህም!»

ጉልበቱ ስለሚያመው ቆይ-ቆይ ከኋላ ደግፎ አወጣው። ባልየው የለበሰውን ኮት ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ እግሩ ፔዳሉን በዳበሳ አገኘው፣ እሜቴም ለስለስ ብላ ተንቀሳቀሰች።

ማሳው ላይ የመጀመሪያው ትልም እባብ የሄደበት መሰለ። እትዬ «ወደ ቀኝ!» ልትል አፏን ከፈተችና በመዳፏ ከደነችው። ከወንድሟ አጠገብ፣ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አሁንም ተናድጄብሃለሁ» አለችው ሳታየው።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ይሄ ጠማማ ነው።»

«ጠማማ ነው።»

ባልየው ማሳው ጫፍ ደረሰ። ዞር ብሎ ወደ ሚስቱ የሚያይ መስሏት እጇን ልታውለበልብ አነሣች። እሱ ግን አላየም። መሪውን ጠምዝዞ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ሁለተኛውን ትልም ጀመረ። ይሄኛው ከፊተኛው ትንሽ ቀና ያለ ነበር።