የኮምፒውተር ትምህርት፣ ክፍል ሰባት

በዚያን ጊዜ አስተያየት የሌለኝ ነገር አልነበረም። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶን ቡራዩ ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መሀል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከግቢያችን በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ለሰፈሩ ሰው ሚሞሪና ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ዘፈን ሊያስጭን የመጣ ሰው ግን ዘፈኑን ብቻ ይዞ አይሄድም። የተሰረቀ ፕሮግራም መጠቀም ለምን ነውር እንደሆነ፣ የይለፍ ቃሉን በልጁ ስም ያደረገ ሰው በሩን ከፍቶ እንደተኛ እንደሚቆጠር፣ ዘፈንን ጨምቀው ጨምቀው ትንሽ ፋይል የሚያደርጉ ሰዎች ከበሮውን ጣሳ እንደሚያደርጉት ሳይሰማ አይወጣም። የዘንድሮ ዘፈን ሁሉ ባንድ ኪቦርድ የተሠራ ነው፣ ዘፋኙንም የሚያቃናው ማሽን ነው እል ነበር። አንድ የታክሲ ረዳት ደንበኛዬ፣ “እህቴ፣ ሃያ ዘፈን ብትጭኚልኝ ይበቃኛል፤ ስብከቱ ይቅርብኝ” ብሎኛል። ተቀየምኩት። ሃያውን ጫንኩለት፣ ስብከቱንም ጨመርኩለት።

ጨመርኩለት ስል ቀልዴን አይደለም። የራሴን ድምፅ ቀድቼ “የኮምፒውተር ትምህርት” ብዬ ሦስት ክፍል አዘጋጅቼ ነበር፤ እያንዳንዱ አርባ ደቂቃ ነው። ፍላሽ ይዞ ለመጣ ሁሉ ሳይጠይቀኝ እጭንለታለሁ። እስከ መጨረሻው ያዳመጠኝ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። እናቴ እንኳ ክፍል አንድን ሳታጋምስ ነው እንቅልፍ ይዟት የሄደው።

አከራያችን እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ የጫንጮ አገር ሰው ናቸው። ሰዉ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ብሎ ስማቸውን ያስከትላል፤ እኔ ግን ኦቦ ብቻ ነው የምላቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ካሴት በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። “አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ካሴቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው እስኪቀመጡ ድረስ እጃቸውን ከላዩ አላነሱም።

“ታላቅ ወንድሜ ነው” አሉ።

ወንድማቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል። በቤተሰቡ ሴት ልጅ ስትዳር ደጅ ላይ ቆመው የመሸኛውን ዘፈን የሚዘፍኑት እሳቸው ነበሩ። የኦቦ እህቶች ሁሉ ከአባታቸው ቤት የወጡት በሳቸው ድምፅ ነው። የመጨረሻዋን እህት ሲሸኙ አንድ ዘመድ በቴፕ ቀድቶት ኖሯል። አሁን ደግሞ የኦቦ አንድያ ሴት ልጅ ሰበታ ልትዳር ነው።

“ልጅ ሳለች ቃል ገብቼላታለሁ” አሉኝ። “አጎትሽ ነው የሚሸኝሽ ብያታለሁ። እሱ ቢሞትም ቃሌ አልሞተም።”

ቴፕ ተዋስኩ፣ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁና ቀዳሁት። ዘፈኑ የሚጀምረው በሳል ነው። ሰውየው ሁለቴ ሳል፣ ሳል ያደርጉና ነው ድምፃቸውን የሚያወጡት። ንጹሕ ድምፅ ወዳድ ነኝና ቆርጬ ልጥለው እጄን በላኝ። “ኦቦ፣ ሳሉን ላጥፋው? ያለሱ ያምራል” አልኳቸው። አፍጥጠው አዩኝ። “ሳሉም የሱ ነው” አሉ። ተውኩት፤ ግን ደስ አላለኝም።

ከዚያ አንድ ጊዜ ከካሴቱ ልስማው አሉ። ቴፑ ክሩን በላው። ጎትቼ ሳወጣው ክሩ እንደ ተቀቀለ ፓስታ እጄ ላይ ተዘረገፈ፣ ሁለት ቦታም ተበጠሰ። ኦቦ ክሩን በመዳፋቸው ሰበሰቡት። እኔ ሳቅሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። “አይዞዎት፣ ዲጂታል ሆኗል እኮ። ዲጂታል አይሞትም” አልኳቸው። ደግሞም ሕግ ነበረኝ፦ ሦስት ቦታ ያልተቀመጠ ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል። አንዱን ስልኬ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ኢንተርኔት ላይ ባለኝ ማስቀመጫ አኖርኩት። የሱቁን ኮምፒውተር ከመዝጋቴ በፊት ሰው ያመጣውን ፋይል ሁልጊዜ አጠፋለሁ፤ የሰው ፋይል የሰው ምስጢር ነው ባይ ነኝ።

የማስተር ፕላኑ ነገር የጋለው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማዋ ወደኛ ልትሰፋ ነው ተባለ፣ ገበሬው መሬቴ አለ፣ ተማሪው ወጣ፣ መንገድ ተዘጋ። ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም ያን ሰሞን የተቃጠለ ጎማ ሸተቱ። ሰው ሞቷል፤ እሱን በቀልድ አላወራውም። እኔ የማወራው የራሴን ቂልነት ነው።

ወደ አዲስ አበባ መውጫው ላይ ኬላ ቆመ። ከሚኒባስ እያስወረዱ ቦርሳ ያያሉ፣ ስልክም ያያሉ። የኦሮምኛ ዘፈን የተገኘበት ሰው “ምንድነው የሚለው?” ተብሎ ይጠየቃል፤ ስለ ፍቅር ነው ቢል ማን ይመነው። በኔ ቤት የዲጂታል መብት ታጋይ ነኝና ዘዴ ዘየድኩ። ስልኬ ላይ ያሉትን የኦሮምኛ ዘፈኖች ስም ሁሉ ቀየርኩ። ከክፍል አንድ እስከ ሦስት እውነተኛው ስብከቴ ነው፤ ከክፍል አራት እስከ አሥራ ሁለት ዘፈን። የኦቦ ወንድም “የኮምፒውተር ትምህርት፣ ክፍል ሰባት” ሆኑ። ክፍል አንድን ችሎ አራት የሚደርስ ፍጡር እንደሌለ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በነጋታው ኬላው ላይ አንድ ረጅም ወጣት ፖሊስ ስልኬን ተቀበለኝ። ወደ ታች ሲያወርድ፣ ሲያወርድ ቆየና ቆም አለ። “ይሄ ምንድነው?” አለኝ። “የኮምፒውተር ትምህርት” አልኩ። ፊቱ በራ።

“እኔ እኮ ኮምፒውተር መማር እፈልጋለሁ። ዕድሜ ልኬን ቦርሳ ስበረብር አልኖርም። እስቲ ላኪልኝ።”

“ክፍል አንድን ልላክልህ?”

“ትምህርት ይቆራረጣል እንዴ? ሁሉንም ላኪ።”

በብሉቱዝ አሥራ ሁለት ፋይል ማለት የጎመን መቀቀያ ጊዜ ነው። ስብከቶቼ ደግሞ ከባድ ናቸው። ስልኮቻችንን አጠጋግተን ቆምን፤ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ይጠብቀኛል። አንዲት እናት በመስኮት ብቅ ብለው “ስንተኛው ላይ ደረሰ?” አሉ። “አምስተኛው” አላቸው ፖሊሱ በትሕትና። ሰባተኛው ሲያልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቢሮ እንደገባሁ መጸዳጃ ቤት ተቆለፍኩና ስልኬን አዲስ እንደተገዛ አድርጌ አጠፋሁት። ፖሊሱ ክፍል አራትን ከከፈተ መጥቶ ይይዘኛል ብዬ ነው። አንዱ ቅጂ እንዲህ ሄደ። ምንም አይደለም፣ ሁለት ይቀረኛል።

በዚያው ሳምንት ቤት ለቤት ፍተሻ አለ የሚል ወሬ ተነሳ። ከሥራ ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። “ያቺን መሳቢያሽ ውስጥ ያለችውን ፍላሽ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልኳት” አለችኝ፣ ሥራ እንደሠራ ሰው።

“እማዬ፣ ውስጧ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም። ለዚያ ነው የጣልኳት።”

ክርክር የለውም። ሦስተኛው አለኝ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ኢንተርኔት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ነገ ይመጣል ሲባል ከረመ፣ አልመጣም። ዲጂታል አይሞትም ያልኩት እኔው ነኝ። እውነቴን ነው፣ አልሞተም። የት እንዳለ አውቃለሁ፣ እዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው የጠፋው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለኔ ነው።

ሐሙስ ዕለት መንገድ ተዘግቶ ሥራ ስላልሄድኩ ሱቄን ከፍቼ ሳለ ኦቦ መጡ። ሰርጉ እሑድ ነው። መንገዱ ስለማይታመን ድግሱን አሳንሰውታል፣ የጫንጮ ዘመዶቻቸውም ይምጡ አይምጡ አልታወቀም። “ብዙ ነገር ይጎድላል” አሉ። “እሷ ግን የጠየቀችኝ ያንኑ አንድ ነገር ነው። ወንድሜ ዝግጁ ነው?”

ያንን ክር በመዳፋቸው እንደያዙ ትዝ አሉኝ። “ዝግጁ ናቸው፣ ኦቦ” አልኩ። ወጡ። እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሚሞሪ ይዞ የመጣውንም ሰው ዛሬ ዝግ ነው አልኩት።

ያ ዘፈን በምድር ላይ ያለበትን ቦታ ስቆጥር አንድ ብቻ ቀረኝ፦ የፖሊሱ ስልክ። መንግሥት የሰው ፋይል ሊኖረው አይገባም ብዬ አርባ ደቂቃ የሰበክሁ ሰው፣ ዓርብ ጠዋት መንግሥት ያጠፋው እንዳይሆን እየጸለይኩ ወደ ኬላው ሄድኩ። እናቴ “ማን ጋ ነው?” ስትለኝ “ፖሊስ ጋ” አልኳት። ፀጉሬን አየች፣ ጫማዬን አየች፣ “ቢያንስ ክርስቲያን ነው?” አለችኝ።

ፖሊሱ አወቀኝ። ለብቻው ጠራሁት። “ወንድሜ፣ ያ የኮምፒውተር ትምህርት አሁንም አለህ?” አልኩት።

“ክፍል አንድን ሰማሁት” አለ። “ክፍል ሁለትንም። ሴትየዋ ስታወራ ግን አይደክማትም?”

“የምን ሴትዮ?”

“አስተማሪዋ።”

ዋጥ አደረግሁት።

“ክፍል ሦስትንም ጨረስኩ። የይለፍ ቃሌ የእናቴ ስም ነበር፤ ቀየርኩት።”

በሕይወቴ እስከ መጨረሻው ያዳመጠኝ ሰው ይኼ ብቻ ነው። ፈርቼ ባልሆን ኖሮ አቅፈው ነበር።

“ክፍል አራት ላይ መዝፈን ጀመሩ” አለኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሁሉንም አጠፋሁ። እኔ ስልክ ላይ ቢገኝስ? ሰባትን ግን ማጥፋት አቃተኝ።”

“ለምን?”

“ሰውየው ያስላል። የኔም አባት ሊዘፍን ሲል እንደዚያ ነው፤ ሁለቴ ሳል ያደርጋል። ኦሮምኛ ስለማላውቅ ግን የሚለውን አልሰማም።”

“ሴት ልጅ ሲድሩ የሚዘፈን ነው። እሑድ ሰርግ አለ።”

“ልጅ መሸኛ መሆኑማ ያስታውቃል” አለና ብሉቱዙን ከፈተ። ፋይሉ ሲላክ ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን ቆምን። “ያኔ ዘፈን ነው ብዬህ ቢሆን ምን ታደርገኝ ነበር?” አልኩት። አሰበበት። “አላውቅም” አለኝ። እውነቱን እንደነገረኝ ገባኝ።

እሑድ ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ድምፅ ማጉያውን ደጁ ላይ አቆምኩ። ግቢው ውስጥ የቀረው ሰው ትንሽ ነው፤ ከጫንጮ የደረሱት አራት ናቸው። ከፈትኩት። መጀመሪያ ሳሉ መጣ። ከጫንጮ የመጡ አንዲት አሮጊት ገና በሳሉ “እሱ ነው” ብለው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ዘፈኑ ቀጠለ፤ ሙሽራዋ በአባቷ ትከሻ ላይ ፊቷን ቀበረች፣ ኦቦም ከወንድማቸው ጋር አብረው እያዜሙ በቀስታ እስከ መኪናው አደረሷት። ጣሳ የመሰለ ድምፅ ነበር፣ በፖሊስ ስልክ ውስጥ የዞረ። እንዲህ የሚያምር ነገር ሰምቼ አላውቅም።

መኪናው ከሄደ በኋላ ኦቦ ጠሩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ ሽንት ቤቱን፣ ፖሊሱን። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ “አትደብቂው ከእንግዲህ” አሉ። “እዚህ ላለው ሁሉ ስጪ። አንቺ ሰባኪዋ ሦስት ቦታ ትያለሽ፤ እኔ ግን በየሰዉ ኪስ እላለሁ።” እንግዳው ሁሉ ብሉቱዙን ከፈተ። ዘፈኑ ሰበታም ሱሉልታም ደረሰ፣ ስሙን ላርመው ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ዛሬም በኛ በኩል ሰርግ ላይ ሙሽራ ልትወጣ ስትል “ክፍል ሰባት ይከፈት” ይባላል።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሦስተኛውን ቅጂ ላወጣ ገባሁ። የይለፍ ቃሌ ሠላሳ ፊደል ነው፣ ማንም ሊገምተው የማይችል። እኔም አልቻልኩም። የጻፍኩበት ፋይል ያለው ሽንት ቤት በገባችው ፍላሽ ላይ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ ኦቦ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ሱቄ መጡ። ልጃቸው ሰበታ ሴት ልጅ ወልዳለች። “ክፍል ስምንት አለ?” አሉኝ።

“ጠፍቷል፣ ኦቦ።”

“እንግዲያው ቅጂኝ። ሕፃኗ ስትዳር እኔ አልኖርም።”

ማይኩን ፊታቸው አቀረብኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ። በእጄ ይጀምሩ ብዬ ምልክት ሰጠኋቸው። አፋቸውን ከፈቱ፣ ሁለቴ ሳሉ፣ ደንገጥ ብለውም አዩኝ።

“ይሄን ታጠፊዋለሽ?”

“አላጠፋውም፣ ኦቦ። የርስዎ ነው።”

“ቶሌ፣ እሺ” አሉና ጀመሩ።