ፎቶግራፎቹን ለሰቆጣ ሰዎች ይዤ ስሄድ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። የምሠራው በአንድ የመንግሥት ቤተ መዛግብት የፎቶግራፍ ክፍል ሲሆን ሥራዬ ከድሮ ኔጋቲቮች ፎቶግራፍ ማተምና ማስቀመጥ ነው። ከዋግ አውራጃ የመጡ ብዙ ፎቶግራፎች ነበሩን። ከጀርባቸው የተጻፈው ግን «ገበሬዎች»፣ «ካህናት»፣ «አንዲት ሴት» የሚል ብቻ ነበር። አለቃዬ አንድ ቀን ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ «እዚህ ተቀምጠን ስማቸውን ከየት እናመጣለን? ቅጂዎቹን ይዘሽ ሂጂና የአገሩ ሰው ይያቸው» አለኝ። ለጉዞ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እስከ ኮረም

ፎቶግራፎቹን በካርቶን ላይ ለጥፌ፣ በላስቲክና በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት ጣራ ላይ ካልጫንኩት አለ።

«ሰዎች ናቸው፤ ጣራ ላይ አይሆንም» አልኩት።

ጥቅሉን ዳሰስ አደረገና ሳቀ፤ ከወንበሬ ሥር አስገባልኝ። ደሴ አደርን። በማግስቱ ወልድያንና አላማጣን አልፈን ያንን ጠመዝማዛ አቀበት ስንወጣ ሙቀቱ በአንዴ ቀረ። ኮረም ላይ ትኩስ የገብስ ቂጣ በእርጎ በላሁ፤ ከአዲስ አበባ ዋጋ ጋር ሲተያይ በነጻ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ ሰቆጣ የሄድኩት እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሰምሮ ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ይታጨዳል፣ ማሽላ ይቆረጣል፣ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ሾፌሩ አንድ ማሳ ባየ ቁጥር «ተመስገን» ይላል፤ የራሱ ማሳ ይመስል።

ሰቆጣ

የባህል ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ አቶ ሲሳይ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ፎቶግራፎቹ በገበያ ቀን በቀበሌው አዳራሽ እንዲሰቀሉ ተስማምተን ነበር። እሱ ግን «መጀመሪያ ሽማግሌዎች ይዩዋቸው» አለ። መሪጌታ ፀጋዬ የሚባሉ አዛውንት ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር መጡ።

ከጥቅሉ ሌላ አንድ ፖስታ ይዤ ነበር። በውስጡ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን በመጠለያ የተነሱ ሰዎች ፎቶግራፎች ነበሩ። ይሰቀሉ ወይስ አይሰቀሉ የሚለውን መወሰን አቅቶኝ ነው የመጣሁት። መሪጌታ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሲጨርሱ ሰብስበው ወደ ፖስታው መለሷቸው።

«እነዚህ ግድግዳ ላይ አይወጡም» አሉ በመጨረሻ። «የተራበ ሰው ፊት ለገበያ አይሰጥም። ዘመድ አለው፣ ልጅ አለው።»

«ልመልሳቸው ታዲያ?»

«የለም፣ አትመልሻቸው። በጓዳ ይቀመጡ። የራሱን ሰው የሚፈልግ ከመጣ፣ ለብቻው ይይ።»

በዚሁ ተስማማን። በአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አደረግን።

የገበያው ቀን

ሰው ማር ሸጦ፣ ፍየል ገዝቶ ወደ አዳራሹ ጎረፈ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። አማርኛውና ኽምጣኛው ተደባልቆ አዳራሹ ንብ የገባበት ይመስል ነበር። አንድ ቄስ በጥምቀት ፎቶግራፍ ላይ ራሳቸውን በዲቁናቸው አግኝተው «ይኸ ሁሉ ፀጉር ነበረኝ?» ብለው ሰውን አሳቁ። እኔና አቶ ሲሳይ ስም መጻፍ አቃተን፤ አንዱን ሳንጨርስ ሌላው ይጠራናል።

ከቀትር በኋላ አንድ ረጅም ሽማግሌ በር ላይ ቆመው አየሁ። አቶ ወልዱ ይባላሉ፤ ከፃግብጂ ነው የመጡት። ወደ ግድግዳው ሳያዩ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«የክፉ ቀን ፎቶ አለ አሉኝ። ባለቤቴን አልጋነሽን ፈልጌ ነው» አሉ።

ወደ ጓዳ አስገባኋቸው። በክፉ ቀኑ ዓመት ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ሚስታቸው በመጠለያው ሞታ ተቀብራለች፤ ሕፃኗን ልጃቸውን አክስቷ ወስዳታለች። ፎቶግራፎቹን በሁለት እጃቸው እየያዙ፣ ወደ መስኮቱ እያስጠጉ አዩ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ መሬት መሬት አያለሁ። የመጨረሻውን ሲያስቀምጡ ተነፈሱ።

«የለችም» አሉ። ማዘናቸው ይሁን መገላገላቸው አልገባኝም። «ልጄ፣ ተባረኪ» ብለውኝ ወጡ።

ልሸኛቸው ተከትዬ በአዳራሹ መሃል ስናልፍ አቶ ወልዱ ቀጥ አሉ። ከፊታቸው የተሰቀለው አንድ የቦኖ ውሃ ሲመረቅ የተነሳ ፎቶግራፍ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ቧንቧውን ከፍታ፣ ውሃው ፊቷን አርሶት፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለች። ከኋላዋ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሹም ደረቱ ርሶ ደንግጦ ቆሟል። ከሥሩ «አንዲት ሴት» ይላል።

«እንዴ!» አሉ። «አልጋነሽ!»

በአዳራሹ ያለው ሰው ወደ እሳቸው ዞረ። አቶ ወልዱ ግን አላለቀሱም፤ ሳቁ። «ሹሙ ይክፈት ተብሎ ነበር፤ እሷ ቀደመችው! እስከ ማታ እየተናደድኩ ሳቅኩባት። እዩዋት እስቲ፣ እዩልኝ!»

ሰው ሁሉ ከበባቸው። እንባቸው የመጣው በኋላ ነው፤ አንዲት የማያውቋት ሴት እጃቸውን ስትይዛቸው። ጥቂት ተረጋግተው፣ «ልጄ ለምለም ኒሯቅ ናት። የእናቷን ፊት አታውቀውም። እዚህ ድረስ እንዳትመጣ አራስ ናት» አሉኝ።

ለትርኢት የወጣ ፎቶግራፍ ሁሉ ተመልሶ ይገባል፤ የመሥሪያ ቤታችን ደንብ ነው። ጥቂት አመነታሁ። ከዚያ ፎቶግራፉን ከግድግዳው አወረድኩት።

ኒሯቅ

በማግስቱ ጠዋት ከአቶ ወልዱ ጋር በጭነት መኪና አበርገሌ ወዳለችው ኒሯቅ ወረድን። መንገዱ እየወረደ በሄደ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ፍየሎች መንገዱን ሞልተው ሾፌሩን ያስቆሙታል። ሽማግሌው ፎቶግራፉን በጋቢያቸው ሸፍነው በጉልበታቸው ላይ እንደያዙት ደረስን።

ለምለም ሕፃን ታቅፋ በሯ ላይ ነበረች። አባቷ ፎቶግራፉን ገለጡላት። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ማን እንደሆነች አወቅሽ?» አሏት።

«ጥርሷ የእኔ ነው» አለች። «አባትሽን ነው የምትመስዪ ሲሉኝ ነው የኖርኩት። አክስቴ ስለ እሷ ስጠይቃት ሁልጊዜ አሟሟቷን ነበር የምትነግረኝ። መሳቋን ማንም አልነገረኝም።»

ሕፃኗን ወደ ፎቶግራፉ አስጠጋቻት። እኔን ደግሞ፣ «መልሰሽ ትወስጂዋለሽ?» አለችኝ።

«ኔጋቲቩ እኛ ጋ አለ፤ ሌላ አትማለሁ። ይኼ ያንቺ ነው» አልኳት።

ለምሳ ጥብስ ቀረበልን። አቶ ወልዱ የቦኖውን ታሪክ እንደገና አወሩ፤ በዚህኛው ጊዜ ሹሙ ይበልጥ ርሶ ነበር። ለምለም እየሳቀች «እንደገና ንገረኝ» አለቻቸው።

መመለሻ

ቀሪዎቹን ፎቶግራፎች ሰቆጣ ላይ ለአቶ ሲሳይ ትቼለት ባዶ ብርድ ልብሴን ይዤ ተመለስኩ። ከአለቃዬ ቁጣ ጠብቄ ነበር። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የአልጋነሽን የአባት ስምስ ጠይቀሻል?» ጠይቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከየትም አገር የመጣ ፎቶግራፍ አንድ ቅጂ ወደ አገሩ እንዲሄድ ሆነ።

ቤቴ የገባሁ ቀን ከሰቆጣ ያመጣሁትን ማር ፈትቼ ለባለቤቴ ስለ አልጋነሽ ነገርኩት። ቧንቧውን ቀድማ እንደከፈተችው፣ የሹሙን ደረት እንዳራሰችው ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። እንዴት እንደሞተች ገና አልነገርኩትም ነበር። እንዲስቅ ተውኩት። እኔ ለዓመታት እነዚያን ሰዎች ከክፉ ቀናቸው ጀምሬ ሳውቃቸው ኖሬያለሁ፤ እሱ ግን አልጋነሽን ከሳቋ ጀመረ።